ለክፉ ቀን ያልኩት መድኃኒት

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት በመድኃኒቱ ምክንያት ነው። ሆስፒታል ያለችው ሲስተር፣ «አባባ፣ በሰጧት ቁጥር ሰዓቱን ካርዱ ላይ ይጻፉ» አለችኝ። ካርዱ ላይ የተዉልኝ ቦታ ለጉንዳን እንጂ ለኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟች ባለቤቴ ናት፤ ያኔ ጢሜ ሸብቶ ነበር። «ጽሕፈትህ ቧንቧ ይመስላል፣ በየቦታው ይታጠፋል» ትለኝ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆንኩ እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት። እንግዲህ ሰዓቱን ለካርዱ፣ የቀረውን ለዚህ።

እህቴ ዝናቡ ሳይጀምር ነው እኔ ቤት የገባችው። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ካንሰሩ ከጡቷ ተነስቶ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚቆረጥም የሚድንም የለም፣ ሕመሙን ብቻ እናስታግስላት ብለው ወደ ቤት ሰደዷት። ማስታገሻው ሞርፊን የሚሉት ሽሮፕ ነው። መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየለካሁ በየአራት ሰዓቱ አፏ ውስጥ አደርግላታለሁ።

ዛሬ ፋርማሲው መስኮት ላይ አዲስ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ድሮ የወር ይሰጡን ነበር፤ አሁን ከሳምንት በላይ የለም። አሮጌው ጠርሙስ ከነተረፈው ተመልሶ ካልታየም አዲስ አይሰጥም። ፋርማሲስቱ በመነጽሩ አናት እያየኝ፣ «አባት፣ እኛ አይደለንም ያወጣነው። እየሸጡት ነው፣ ሰውም እየሞተበት ነው» አለኝ።

ከኋላዬ የተሰለፈ ጎረምሳ፣ «ሽማግሌውም ጀመሩ እንዴ?» አለ። ተሳሳቁ። ዞሬ አላየሁም። ጆሮዬ ግን ቤት እስክገባ ድረስ ሲግል ነበር።

ረቡዕ

የወንበር ሠሪው ሚስት፣ ጎረቤታችን፣ ለእትዬ ሾርባ ይዛ መጣች። ይህች ሴት በበጋው ልጇን ቀብራለች። ከጓደኛው ጋር የሕመም ኪኒን ውጦ እንደተኛ ቀረ። ሽሮፑን ኮመዲኖ ላይ ስታየው ሳህኑን ሳታስቀምጥ ቀረበችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ያው ነገር ነው?»

«ያው አይደለም። ይሄ በሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«ያም በሐኪም ትእዛዝ ነበር። የጓደኛው አያት ወገባቸውን ታመው የታዘዘላቸው ነው። ከራስጌያቸው ነው ያነሱት።»

ሾርባውን ተቀብዬ አመሰገንኩ። እሷ ስትወጣ ጠርሙሱን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩበት።

እትዬ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። «ማን እንዳይሰርቀው ነው? እኔ?» አለች።

«ለጥንቃቄ ነው።»

«መነሳት ብችል መጀመሪያ የምሸጠው አንተን ነው፣ አያ ቡሎን። ግን ማን ይገዛሃል?»

አያ ቡሎን ያለችኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ዝጎ አልፈታ ያለ ቡሎን ማለቷ ነው።

ሐሙስ

አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ባለፈው ወር ወረፋ ላይ ከፊቴ የነበረች ሴትዮ፣ «አልቋል፣ በሳምንት ተመለሺ» ተባለች። ለባሏ ነበር። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የመስኮቱን ብረት ይዛ ቆመች፤ ሌላ ሴት መጥታ ጣቷን አንድ በአንድ አላቀቀቻት። እኔም እንዲያ ልቆም ነው? ዝናቡ ድልድዩን ቢቆርጠውስ? የምትፈርመው ዶክተር ፈቃድ ብትወጣስ?

በሥራ ዘመኔ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላይ ነበርኩ። ታንከሩ ሳይሞላ የቀረ እንደሆነ ዋናውን ቫልቭ ግማሽ ድረስ እዘጋዋለሁ። በቀጭኑ ይወርዳል። ሰው ያጉረመርማል እንጂ እስከሚቀጥለው ፈረቃ አንድም ቤት ደርቆ አያድርም። ታንከር ጨርሶ ባዶ ከሆነማ የሚመጣው ከሥር የተኛው ደለል ነው። አለቃዬ በዚህ ነገር ሰው ፊት አመስግኖኛል።

ዛሬ ስሪንጁን ከታዘዘው መስመር ዝቅ አድርጌ ሞላሁት። ትንሽ ነው። ጥፋት አይደለም፣ ቁጠባ ነው።

እሑድ

እትዬ ጸጥ ብላለች። ወሬም ቀንሳለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ትውላለች። መድኃኒቱ በትንሹም ይሠራል ማለት ነው። ጸጉሯን ላበጥርልሽ ብላት፣ «ተወው» አለች።

ስሪንጁን ሳቀርብላት ትክ ብላ አየችው፤ ምንም ሳትል ዋጠች።

ሰኞ

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ እትዬ ታክሲው ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ነበር። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሹፌሩን ቀስ በል ብዬው ነበር፤ እሱም ቀስ አለ፣ ሐሜት የለብኝም።

ዶክተሯ ገና ልጅ ናት፣ የደከማት ልጅ። በሩ ክፍት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተደርድሯል። «እማማ፣ ሕመምዎ ከአስር ቢለካ ዛሬ ስንት ነው?» አለቻት።

እትዬ አፏን ሳትከፍት፣ «ሦስት» አልኩ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅኩት፣ አባባ።»

እትዬ ዞራ አየችኝ። ወደ ዶክተሯ ተመለሰች። «ወንድሜ ካለ ሦስት ነው።»

እኛ ቤት ሰው ፊት አቃስቶ የሚያውቅ የለም። አባታችን እግሩ ተሰብሮ በእንጨት ተሸክመው ሲያመጡት ስለ ከብቱ ዋጋ እያወራ ነው የመጣው። ለምን ሦስት እንዳልኩ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዶክተሯ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። «ብዙ ተርፏል። ጥሩ ነው። እኔም በየጠርሙሱ እጠየቃለሁ፣ አባባ። ከሚያስፈልገው በላይ አታዢ ተብያለሁ። እንግዲያው መጠኑን ዝቅ እናድርገው» አለችና ጻፈች።

ተናገር አለኝ አንዱ ልቤ። የተረፈው በቅቷት ሳይሆን እኔ እያጎደልኩ ስለሰጠኋት ነው በላት አለኝ። ከበሩ ውጪ ሰው አለ። ዝም አልኩ።

ስንመለስ እትዬ ታክሲው ውስጥ፣ «ልጅቷ ጥሩ ናት። አታስቸግራት» አለችኝ። የምን ማስቸገር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ

ካሁን በኋላ የተረፈ እንዳያዩ አውቄያለሁ። ተርፎ ካዩ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የማተርፈውን ወደ አሮጌ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ እገለብጣለሁ። እሱም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከቧንቧ መፍቻው ሥር ነው። ለክፉ ቀን።

አዲሱ መጠን ትንሽ ነው። ከትንሽ ላይ መቀነስ ይከብዳል፣ ግን ይቻላል።

ዓርብ

የእትዬ ብርድ ልብስ ጠርዙ ተበልቷል። አይጥ ገብቷል ማለት ነው። በዝናብ ጊዜ ይገባሉ። ቸኩያለሁ፣ ወጥመድ ልገዛ እየወጣሁ ነው።

ቅዳሜ

ወጥመዱን አልጋው ሥር አጠመድኩ። እትዬ ድምፁን ሰምታ፣ «ምን እያደረግክ ነው?» አለች።

«አይጥ ነው። ብርድ ልብስሽን በላው።»

ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣች፣ ወዲያው አቆመችው፤ ሲስቁ አጥንት ይነቀነቃል። «ትልቅ አይጥ ነው። ወጥመዱ አይበቃውም» አለች።

የወንበር ሠሪው ሚስት በር ላይ አገኘችኝና፣ «እንዴት አደሩ? ሌሊት ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ» አለች። ዝናቡ ነው አልኳት። ዝናብ አልነበረም።

ሰኞ

ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ መንገዱን አልችለውም አለች። ባዶውን ጠርሙስ አቀረብኩ። ዶክተሯ፣ «ልኩን አገኘነው ማለት ነው፣ ምንም አልተረፈም። ሕመሙስ?» አለች።

«ደህና ናት።»

ጻፈች። ፊቷ ፈታ አለ፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከተቆለለው አንዱ የቀለለላት ይመስላል። ደህና ናት የምትለው ቃል ከአፌ ስትወጣ እንዴት ቀላል ነች።

እግረ መንገዴን ለእትዬ ብርቱካን ገዛሁ። አልበላችም። እኔ በላሁት። ይህንን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ የለም።

ከመሸ በኋላ እትዬን ሳገላብጣት ድምፅ አወጣች። ሰባ ዓመት አውቃታለሁ፣ ያን ድምፅ አላውቀውም። እንደ ሰው አይደለም። ከዚያ አፏን በብርድ ልብሱ ያዘች። ውኃ ላጠጣት ቀና ሳደርጋት ከንፈሯ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቋል። ብርድ ልብሱ ሰማያዊ ነው።

ክሩን በጣቴ አነሳሁላት። እሷም አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ወጥመዱን ከአልጋው ሥር አወጣሁ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የሳል ጠርሙሱን አወጣሁና እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። ክፉ ቀን ያልኩት ይሄ ነው? ወይስ ገና ነው? የባሰ ቢመጣስ? ዛሬ ከጨረስኩት ያን ጊዜ ምን ልሰጣት ነው? እንዲህ እያልኩ ስንት እንደቆምኩ አላውቅም። መልሼ ቆለፍኩበት። የሳምንቱን ሽሮፕ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ አድርጌ ሰጠኋት፣ እሱም ለፍርሃቴ ያህል ነው እንጂ ለሕመሟ አልበቃም። ጎህ ሲቀድ ሸለብ አደረጋት።

ይህች ሴት ትኩሳት ይዞኝ ስወራጭ ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ወንዝ ተሻግራ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ ናት። ያኔ ለነገ ብላ ከጉልበቷ ያስቀረችው አልነበረም።

ሐሙስ

ጠዋት ያጠራቀምኩትን ልሰጣት ቆረጥኩ። የሳል ጠርሙሱን አምጥቼ ብርሃን ላይ ሳየው ውስጡ ድር የመሰለ ነገር ተንሳፍፏል። ጠርሙሱን በደንብ ሳላጥበው ነበር ለካ። ከድሮው የሳል መድኃኒት ሥሩ ላይ የቀረ አለ። አሸተትኩት፣ ኮምጥጧል።

ታንከር የማጥብ ሰውዬ።

ይህንን ልሰጣት አልችልም። ያለኝ የቀነሱልኝ የሳምንቱ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ብሰጣት እንኳ ሙሉው ራሱ አይበቃትም። መጠኑን ከፍ እንዲያደርጉት መናገር አለብኝ። ነገ ዓርብ ነው፤ ከነገ ካለፈ ቅዳሜና እሑድ የሚፈርም ሐኪም የለም።

ምን ብዬ ነው የምናገረው? ሰኞ ደህና ናት ብያለሁ። ሌባ ነው ይሉኛል። የሚሸጥ ሽማግሌ ይሉኛል። ያ ጎረምሳ ወረፋው ላይ ይኖራል።

ዓርብ

የወንበር ሠሪው ሚስት እትዬ ጋ እንድትቀመጥ ለመንኳት። ስለ መድኃኒቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠችና፣ «ሂዱ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ዶክተሯ ጋ ስገባ ፋርማሲስቱም እዚያው ነበር፣ አንድ ነገር እያስፈረማት። ይውጣ አላልኩም።

«ሕመሙ ጨምሯል» አልኩ።

«ከሰኞ ወዲህ? ከሦስት ወደ ስንት?»

ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«አባባ፣ ባለፈው ተርፎ ነበር። ቀነስነው፣ ባዶ ጠርሙስ አመጡልኝ። አሁን ደግሞ ሳምንቱ ሳያልቅ ጨምሪ ይሉኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እንድጠይቅ ታዝዣለሁ። መድኃኒቱ የት ነው የሚሄደው?»

ፋርማሲስቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሳል ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አቆምኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእህቴ ነው። ከአፏ ያስቀረሁት።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ቫልቩ፣ ስለ ሴትዮዋ ጣት፣ ስለ ብርድ ልብሱ። ሦስት ሆኖ እንደማያውቅ ነገርኳት። «እሷ ሦስት ያለችው እኔን እንዳታዋርድ ነው» አልኩ። ይህን ከአፌ እስካወጣው ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። ማን እንደሰማ አላየሁም።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ቁጣዋን ፈልጌውም ነበር። ልጅቷ ግን ካርዱን ከፍታ «ሦስት» ብላ የጻፈችበት ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እኔም የማዘው መጠን ሲወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። የወሩ ሪፖርቴ ላይ ጥሩ ይመስላል» አለች። «ቤትዎ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። እሳቸውን ብቻቸውን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ።»

«አጥፍቻለሁ» አለች፣ በደረቁ።

ከመጀመሪያው መጠን በላይ አዘዘች። ሕጉ ሁለተኛ ፊርማ ይፈልጋል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ሄዳ የስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆመች። ከውስጥ «ቆይተሽ ነይ» ሲላት ሰማሁ፤ «አልቆይም» ስትለውም ሰማሁ። ፈረመ።

ፋርማሲስቱ አዲሱን ጠርሙስ ሰጠኝ። የሳል ጠርሙሱን ግን ያዘው። «ከጠርሙሱ የወጣ መድኃኒት ለሰው አይመለስም፣ አባት። ምስክር ፊት መደፋት አለበት።»

«ምስክሩ ማን ነው?»

«እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።»

በጎን በሩ ከፍቶ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ጥግ ላይ ሲንክ አለ። ቀስ አድርጎ ደፋው። ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይወርድም። እያንዳንዷ ጠብታ እትዬ ወደ ግድግዳው የዞረችበት ናት። እያየሁ ቆምኩ። ሲጨርስ ዞር ሊል ሲል፣ «ውኃ ልቀቅበት፣ አለዚያ የቧንቧው ጉሮሮ ላይ ይቀራል» አልኩት። ከሥራ ልማድ ነው። ለቀቀበት።

ፈረምኩ። ስሜ እንደ ቧንቧ ታጠፈ።

ስወጣ፣ «አባት» ብሎ ጠራኝ። «ሰኞ ወረፋ አይያዙ። በጎን በሩ በኩል ያንኳኩ።»

ወረፋዬን እይዛለሁ አልኩት።

ቅዳሜ

ሙሉ ሰጠኋት። እስከ መስመሩ። ተኛች። ደጋግሜ ትንፋሿን አዳመጥኩ። የወንበር ሠሪው ሚስት ማታ መጥታ በር ላይ ቆማ ሰማችና፣ «እንቅልፍ ነው አይደል? ዝም ብሎ እንቅልፍ?» አለች። እንቅልፍ ነው አልኳት። አልሄደችም። እዚያው በር ላይ ቆይታ፣ ራሷ ካረጋገጠች በኋላ ነው የሄደችው። ሳጥኑን እንደቆለፍኩ አሳየኋት።

ሰኞ

ወረፋ ያዝኩ። ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ አወቁኝ። ይወቁ።

ሐሙስ

ዛሬ እትዬ ከነጋ ጀምሮ ስታወራ ዋለች። ሻይ ጠጣች። ጸጉሯን አበጠርኩላት፣ «እንደ ቧንቧ አታጥብቀው» ብላ ተቆጣችኝ። ስድቧ ሲመለስ ቤቱ ሰው የገባበት መሰለ።

«ስሪንጁን ስታጎድል አይቼሃለሁ» አለችኝ፣ ድንገት። «ገና ከመጀመሪያው።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር? ለሐኪሟ? ወንድሜ ያስርበኛል ልበላት?»

«ለኔ።»

«አንተማ ታውቅ ነበር።»

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። እሷ ነች ያዘነችልኝና ወሬ የቀየረችው። በልጅነቷ፣ እኔ ገና ድክ ድክ ስል፣ አንድ ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር አለች። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜ ልኳን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

«እሺ አላልሽም?»

«አንተንስ የት ልጣልህ? ይዤህ ልምጣ ብዬው እሱ አላንገራገረም ነበር፣ ቤተሰቦቹ ናቸው እንቢ ያሉት። ደግ ሰው ነበር። እየደጋገመ ይመጣ ነበር። አጥሩ ጋ ቆሞ ሳል ያስላል፣ እኔ እወጣለሁ፣ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል።» ሳቀች። ሳቋ ሳይቋረጥ አለቀ።

«ማን ነበር? የማን ልጅ ነው?»

አፏን ከፈተች። ከዚያ ዐይኗ ጣሪያውን ይፈልግ ጀመር። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ስሙ ጠፋኝ።»

«ቀስ ብለሽ አስቢ።»

«ጠፋኝ። ከምላሴ ጫፍ አይደለም፣ ጨርሶ ነው የጠፋው። ያኔ ግድግዳውን ሳይ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ አብሮኝ ነበር፤ ስሙን እየጠራሁ ነው ያን ያሳለፍኩት። ለአያ ቡሎን ልንገረው እያልኩ ነበር። ግን ያኔ አፌን ብከፍት የሚወጣው ሌላ ነገር ነበር።»

ትራሷን አስተካከልኩላት። ነገ ይመጣልሻል አልኩ። እሷ ለራሷ ብዙም አላዘነችም፣ ስለ ቡናማ ጫማው ማውራት ቀጠለች፤ ከሩቅ ሲራመድ እንዴት እንደሚጮህ፣ እሱም አፍሮ በእግሩ ጣት እንዴት እንደሚራመድ። እያወራች ተኛች።

ያን ሰው ከእሷ በቀር የሚያውቀው በሕይወት የለም። ስሙን የሚነግረኝ የለም። ጫማው ቡናማ ነበር።